አሰልጣኙ ይቆይ ወይስ ይሰናበት? ከደሴና ከኮምቦልቻ የቅርጫት ኳስ ደጋፊዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ ፒያሳ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ቡና እየጠጡ ስለ ኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) የሚከራከሩ ሰዎች ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ድምፃቸው ትንሽ አይደለም። የሚደግፉት ቡድን በተከታታይ መሸነፍ ሲጀምር ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቀው ክርክር አንድ ነው፤ አሰልጣኙ ይቆይ ወይስ ይሂድ? ከዚህ በታች የቀረቡት በዚሁ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ የጨዋታ ሰዓቶቹ ግን በእኛው ሰዓት ናቸው።

ክርክሩ በተነሣ ቁጥር የዲትሮይት ፒስተንስ ስም የሚጠራው ለምንድን ነው?

ስለ አሰልጣኝ ስንብት የሚባለውን ሁሉ ይህ ክለብ በሁለት ዓመት ውስጥ ስላሳየን ነው። ፒስተንስ በ2023 ክረምት ሞንቲ ዊሊያምስን ለስድስት ዓመት ቀጠረው፤ የውሉ ዋጋ በወቅቱ እንደተዘገበው 78.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሰውዬው ስም የሌለው አሰልጣኝ አልነበረም። ፊኒክስ ሰንስን በ2021 ለፍጻሜ ያደረሰ፣ በ2022 ደግሞ 64 ጨዋታ አሸንፎ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ የተሸለመ ነው። ዲትሮይት አዲሱን የውድድር ዘመን ሁለት አሸንፎ አንድ በመሸነፍ ጀመረና ከዚያ በኋላ 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን በሊጉ ታሪክ አልነበረም። 28ኛው ሽንፈት የደረሰው ቦስተን ላይ ሲሆን፣ ቡድኑ በመጀመሪያው አጋማሽ በሰፊ ልዩነት ሲመራ ቆይቶ በተጨማሪ ሰዓት 128 ለ 122 ተረታ። በማግስቱ ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ቶሮንቶን 129 ለ 127 አሸንፎ ሰንሰለቱን ቢበጥስም፣ የውድድር ዘመኑን 14 አሸንፎ 68 ተሸንፎ፣ በክለቡ ታሪክ እጅግ የከፋውን ውጤት ይዞ ጨረሰ። ዊሊያምስ በጁን 2024 ተሰናበተ።

ቦታውን የያዘው ጄቢ ቢከርስታፍ በመጀመሪያ ዓመቱ 44 ጨዋታ አሸነፈ። ቡድኑ በኤፕሪል 2025 ኒውዮርክን በሜዳው 100 ለ 94 ሲረታ፣ ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ድል አገኘ። «አሰልጣኝ ቀይሩ» የሚለው ወገን ይህን ቁጥር እንደ ማኅተም ያወጣዋል። ነገሩ ግን ቀጥሎ እንደሚታየው እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም።

14 ጨዋታ ብቻ ላሸነፈ አሰልጣኝ የሚከራከርለት ሰው እንዴት ይገኛል?

ይገኛል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። በወሎ ደም ያቃባ ጉዳይ በአባጋር ሲታይ ሁለቱም ወገን ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ እዚህም ከቁጥሩ በፊት ቡድኑን ማየት ያስፈልጋል።

ዊሊያምስ የተረከበው ቡድን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በድዌይን ኬሲ ሥር 17 ብቻ አሸንፎ 65 የተሸነፈ ነው። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ። ከሩቅ መወርወር ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ የነበረው ቦያን ቦግዳኖቪች በጉዳት ምክንያት ከአንድ ወር በላይ አልተሰለፈም፤ ልምድ ያለው ኳስ አከፋፋይ ሞንቴ ሞሪስም እንዲሁ ተጎድቶ ነበር። ወርዋሪ የሌለው ቡድን ሲያጠቃ ተከላካዮቹ በሙሉ ቅርጫቱ ሥር ስለሚሰበሰቡ የቡድኑ ኮከብ ኬድ ከኒንግሃም ኳሱን ይዞ በገባ ቁጥር ሦስት ሰው ይጠብቀዋል። የዲትሮይት ተመልካቾችም ይህን ያውቁ ነበር፤ በዲሴምበር 2023 አዳራሹን የሞላው ጩኸት «አሰልጣኙ ይባረር» ሳይሆን፣ ለባለቤቱ የተላከ «ክለቡን ሽጥ» የሚል ነበር።

በሌላ በኩል፣ የውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ዊሊያምስ ጄደን አይቪን ያህል ፈጣን ልጅ ተቀያሪ አድርጎ ኪሊያን ሄይስን ማሰለፉ፣ እንዲሁም አምስት ተቀያሪዎችን በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ማቆየቱ፣ ከማንም ሳይሆን ከእሱ ከራሱ የመጣ ውሳኔ ነው። ተቀያሪዎቹ ብቻቸውን ሲገቡ የተያዘ መሪነት በአራትና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሲተን፣ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በጦሳ ተራራ ውርጭ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያይ ሰው በደንብ ያስታውሰዋል።

በእኔ አመለካከት ስንብቱ ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱ ግን 28ቱ ሽንፈት አይደለም። በዚያ ስብስብ ሌላም አሰልጣኝ ብዙ ይሸነፍ ነበር። ተገቢ ያደረገው፣ ከወጣቶቹ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ለይቶ ሳያውቅ ዓመቱ ማለቁ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው ወይስ የተጫዋቾቹ መሆኑ በምን ይለያል?

ሙሉ በሙሉ የሚለይ መንገድ የለም፤ የአሰልጣኙ እጅ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጎልቶ የሚታይባቸው ቅጽበቶች ግን አሉ። ከሁሉ የሚሻለው ከታይም አውት (አሰልጣኙ ጨዋታውን አስቁሞ ከሚመክርበት ዕረፍት) በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጥቃት ነው። አሰልጣኙ ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሥሎ፣ አምስቱም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሜዳ ተመልሰዋል። ኳሱ ከመስመር ውጭ ከተወረወረ በኋላ አንዱ ለጓደኛው አካሉን ከልክሎ ሲያሳልፈው፣ ሌላው በጀርባ በኩል ወደ ጥግ ሮጦ ነጻ ሆኖ ኳስ ሲቀበል ካያችሁ፣ ቢስትም እንኳ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። በአንጻሩ ኳሱን የተቀበለው አንድ ሰው እያነጠረ፣ አራቱ ቆመው እያዩት፣ ለአንድ ጥቃት የተፈቀደው 24 ሰከንድ ሊያልቅ ሲል በጭንቅ የሚወረወር ከሆነ፣ ያም በየጨዋታው የሚደጋገም ከሆነ፣ ጥያቄው ለአሰልጣኙ መቅረብ አለበት።

እንደዚሁም ተከላካይ በሌለበት የተገኘን ውርወራ መሳትና እንዲህ ያለውን ውርወራ ጭራሹን አለማግኘት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የተጫዋቹ ነው፤ ጊዜም ሊፈውሰው ይችላል። ሁለተኛው የአጨዋወት ዕቅድ ጉድለት ነው። ደጋፊው ግን ሁለቱንም «ዛሬም ሳቱ» በሚል አንድ ቃል ያልፋቸዋል፤ ክርክራችን የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የወጣቶቹ እድገትም ትልቅ ምልክት ነው። ከኒንግሃም በዊሊያምስ ዓመት በአማካይ 22.7 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ በተከታዩ ዓመት 26.1 ነጥብና 9.1 አሲስት (ጓደኛው ነጥብ ያስቆጠረበት ቅብብል) ደርሶ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ልጁ አንድ ዓመት ጨምሯል፣ በዙሪያውም ቶባያስ ሃሪስ፣ ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየርና ማሊክ ቢስሊ ተጨምረውለታል። ቢስሊ ብቻውን በዚያ የውድድር ዘመን ከ300 በላይ ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ አስቆጥሯል። አይቪ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ እግሩ ተሰብሮ ቢወጣም ቡድኑ አልወደቀም። ከ14 ወደ 44 የተደረገው ዝላይ የቢከርስታፍ ነው፣ አዲሱን ስብስብ ያዋቀረው የትራጃን ላንግደን ነው፣ ወይስ የወርዋሪዎቹ? የሦስቱም ነው የሚለው መልስ አሰልቺ ቢሆንም፣ ከዚህ የተሻለ የለኝም።

የመጨረሻው ምልክት ሩጫ ነው። ኳስ ከተነጠቁ በኋላ ተጫዋቾቹ ወደ ራሳቸው ቅርጫት እየሮጡ ይመለሳሉ ወይስ እየተራመዱ? በ20 ነጥብ ተመርተውም የሚሮጡ ከሆነ አሰልጣኙን ገና ይሰሙታል። መራመድ ከጀመሩ ግን ያ አሰልጣኝ በተጫዋቾቹ ዘንድ ቀድሞ ተሰናብቷል፤ የቀረው የክለቡ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ተጫዋቾቹ እንጂ አሰልጣኙ ምን አደረገ? ለምን እነሱ አይቀየሩም?

ስለማይቻል ነው፤ ወይም እጅግ ስለሚያስቸግር። የተጫዋቾች ውል በአብዛኛው ዋስትና ያለው በመሆኑ ክለቡ ቢያሰናብታቸውም ይከፍላቸዋል፤ ክፍያቸውም በሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል። የተጫዋች ልውውጥ ደግሞ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ይዘጋል። የአሰልጣኝ ደመወዝ ከጣሪያው ውስጥ ስለማይገባ፣ ባለቤቱ ኪሱ እስከቻለ ድረስ በአንድ ቀን ሊቀይረው ይችላል። አሰልጣኝ ቶሎ የሚባረረው ሁልጊዜ ጥፋተኛ ስለሆነ ሳይሆን ለማባረር ቀላሉ ሰው ስለሆነም ጭምር ነው።

በውድድር ዘመን መካከል ማሰናበት ይጠቅማል?

«ይጠቅማል» የሚለው ወገን የሚጠራቸው ሁለት ታላላቅ ምስክሮች አሉት። ሌከርስ በ1981፣ ገና በ11ኛው ጨዋታ ማግስት፣ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ዋንጫ ያነሣለትን ፖል ዌስትሄድን አሰናብቶ ፓት ራይሊን ሾመ፤ በ1982ም ሻምፒዮን ሆነ። ክሊቭላንድ በጃንዋሪ 2016፣ 30 አሸንፎ 11 ብቻ የተሸነፈውን ዴቪድ ብላትን አውጥቶ ረዳቱን ታይሮን ሉን ተካ፤ ሉም በፍጻሜው 3 ለ 1 ከመመራት ተነሥቶ ጎልደን ስቴትን አሸነፈ።

እነዚህን ምሳሌዎች የሚያነሡ ወዳጆቼ የሚዘነጉት ነገር አለ። ሁለቱም ቡድኖች እየተሸነፉ አልነበረም። ሌከርስ ማጂክ ጆንሰንና ካሪም አብዱልጀባርን፣ ክሊቭላንድ ሌብሮን ጄምስን የያዙ፣ ዋንጫ ከማንሣት በታች የማይጠበቅባቸው ቡድኖች ነበሩ። ችግራቸው የችሎታ ሳይሆን የመግባባት ነበር፤ ማጂክ ራሱ ከስንብቱ አንድ ቀን በፊት «ልሂድ» ብሎ በይፋ ጠይቋል። ይህን መድኃኒት ከግርጌ ለተቀመጠ ቡድን ማዘዝ ትክክል አይመስለኝም።

ለላይኞቹም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። ሚልዋኪ በጃንዋሪ 2024 ኤድሪያን ግሪፊንን 30 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ሳለ አሰናበተው። በዶክ ሪቨርስ ሥር 17 አሸንፎ 19 ተሸነፈና በመጀመሪያው ዙር በኢንዲያና ተባረረ፤ ያኒስ አንቴቶኩምፖ በዚያ ዙር በጉዳት አለመሰለፉ ግን መዘንጋት የለበትም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ተጫዋቾቹ አሰልጣኙን መስማት ካላቆሙ በቀር እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ መጠበቅ ይሻላል። በመካከል የሚመጣው ሰው የዝግጅት ጊዜ አያገኝም፤ ከቀድሞው አሰልጣኝ ዕቅድ ላይ ጥቂት ከመነካካት ያለፈ ብዙ ሊሠራ አይችልም።

ታግሦ በማቆየት የተጠቀመ ክለብ አለ?

አለ፤ ከሁሉ የሚያስገርመው ሳን አንቶኒዮ ነው። በዲሴምበር 1996 የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ግሬግ ፖፖቪች፣ 3 አሸንፎ 15 የተሸነፈውን አሰልጣኝ አሰናብቶ ራሱ ቦታውን ያዘ። ዴቪድ ሮቢንሰን ተጎድቶ ስለነበር ቡድኑ ዓመቱን 20 አሸንፎ 62 ተሸንፎ ጨረሰ። ደጋፊው ሰውዬውን አልወደደውም ማለት ሲያንስ ነው። ኮከቡ ቲም ደንከን ከመጣ በኋላም፣ በ1999 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ ስድስት አሸንፎ ስምንት ሲሸነፍ ወንበሩ ተነቃንቆ ነበር። ክለቡ አልነካውም፤ ቡድኑ ከዚያ በኋላ 31 አሸንፎ አምስት ብቻ ተሸነፈና በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሣ። ፖፖቪች ከዚያ ወዲህ አራት ጨምሯል፤ በ2003፣ በ2005፣ በ2007 እና በ2014።

ማያሚም አለ። ሌብሮን፣ ድዌይን ዌድና ክሪስ ቦሽ በ2010 በአንድነት ሲሰለፉ ቡድኑ ዘጠኝ አሸንፎ ስምንት በመሸነፍ ጀመረ፤ «አሰልጣኙ ኤሪክ ስፖልስትራ ይውጣ፣ ራይሊ ራሱ ይግባ» የማይል አልነበረም። የክለቡ ፕሬዚዳንት የነበረው ፓት ራይሊ አልገባም። በ2012 እና በ2013 ዋንጫው ማያሚ ነበር። በተመሳሳይ፣ በ2020 ስቴፈን ከሪ አምስት ጨዋታ ብቻ የተሰለፈለትና ክሌይ ቶምፕሰን ጭራሹን ያልነበረው ጎልደን ስቴት 15 አሸንፎ 50 ሲሸነፍ አሰልጣኙ ስቲቭ ከር ላይ እጁን ያነሣ የለም፤ በ2022 ሻምፒዮን ሆኑ።

«ደንከንን ይዞማ ማን ይሸነፋል» የሚል መልስ ይሰጣል፤ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ደንከን በመጣ ጊዜ አሰልጣኙ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ደፍሮ አይናገርም።

ያሸነፈ አሰልጣኝስ ለምን ይባረራል?

ይህን የሚጠይቁት በአብዛኛው የኒውዮርክ ኒክስ ደጋፊዎች ናቸው። ቶም ቲቦዶ በ2025 ቡድኑን ከ2000 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምስራቅ ኮንፈረንስ (ለሊጉ ምሥራቃዊ ምድብ) ፍጻሜ አድርሶ፣ በኢንዲያና ከተሸነፈ በኋላ በቀናት ውስጥ ተሰናበተ። የኢንዲያና አሰልጣኝ የነበረው ሪክ ካርላይል ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ በዲትሮይት ሁለት ዓመት በተከታታይ 50 ጨዋታ አሸንፎ በ2003 ተባሯል። በቦታው የተተካው ላሪ ብራውን በማግስቱ ዓመት ዋንጫውን ለዲትሮይት ሲያመጣ፣ ካርላይልም በ2011 ከዳላስ ጋር ዋንጫ አንሥቷል። ቶሮንቶም በ2018 ድዌይን ኬሲን 59 ጨዋታ አሸንፎ ሳለ አሰናብቶ፣ በ2019 በረዳቱ በኒክ ነርስ እጅ ሻምፒዮን ሆነ፤ ካዋይ ሌናርድም በዚያው ዓመት መምጣቱን ሳንረሳ።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የቢከርስታፍ ጉዳይ ነው። ክሊቭላንድ በ2024 አሰናበተው፤ በኬኒ አትኪንሰን ሥር በዓመቱ 64 ጨዋታ አሸነፈ። ያው የተባረረው ሰው ደግሞ ዲትሮይትን አነሣ። አንዱ ክለብ የሚበቃውን ያህል ተጠቅሞበታል፣ ሌላው ይፈልገዋል። አሰልጣኝ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ይህን እንዴት እንደሚያስታርቀው አላውቅም።

የመጨረሻ መውጣት የመጀመሪያውን የድራፍት ምርጫ ስለሚያስገኝ መሸነፉ አይሻልም?

አይታመንበትም። ድራፍት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች በዕጣ ይወሰናሉ። ከ2019 ጀምሮ ሦስቱ የመጨረሻ ቡድኖች የመጀመሪያውን ምርጫ የማግኘት ዕድላቸው እኩል 14 በመቶ ነው። ዲትሮይት በ2023ም በ2024ም ከሊጉ መጨረሻ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ አምስተኛ ምርጫ ደረሰው።

ጨዋታውን በቀጥታ ያላየ ሰው መከራከር ይችላል?

ይችላል፤ ካልሆነ በከተማችን ክርክር አይኖርም። ጨዋታው በምስራቅ አሜሪካ ማታ ሲጀመር በእኛ እንደ ወቅቱ ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፤ በምዕራብ ዳርቻ ከሆነ ሊነጋጋ ሲል። በ2024 ረመዳን ለሱሑር የተነሡ ጓደኞቻችን አራተኛውን ኳርተር (የጨዋታውን የመጨረሻ ሩብ) ከምግቡ ጋር ያዩት ነበር፤ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ጠዋት ውጤቱን ከእነሱ እንሰማለን። የሦስት ደቂቃ ቅንጭብ ብቻ ያየ ሰው ግን ስለ አሰልጣኝ ባይፈርድ ጥሩ ነው። ቅንጭብ የሚያሳየው የገቡ ኳሶችን ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተሰለፈና መሪነቱ በየትኛው አምስት ተጫዋች ጊዜ እንደጠፋ አያሳይም። ሙሉውን ለማየት ኢንተርኔቱ ካልፈቀደ፣ በየኳርተሩ ያለውን ውጤት፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ደቂቃና የተነጠቁ ኳሶችን ብዛት ማንበብ ከቅንጭቡ ይበልጣል፤ ዳታውም ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ የትምህርት ቤትና የሰፈር ቡድኖች ይሠራል?

ጥቂቱ ብቻ። በአስፋልት ሜዳ፣ መረቡ በተበጠሰ ቀለበት ልጆችን የሚያሠለጥኑት ሰው ብዙውን ጊዜ የስፖርት መምህር ወይም መጫወት ያቆመ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ውል የላቸውም፣ ኳሱን እንኳ አንዳንዴ ከቤታቸው ነው የሚያመጡት። «ጋሼ ይውረዱ» ብሎ ከሜዳው ዳር መጮህ ከኤንቢኤ የተቀዳ ልማድ ነው፤ እሳቸው ቢሄዱ በቀጣዩ ቅዳሜ ልምምድ አይኖርም።

የአጨዋወቱ ጥያቄ ግን እዚህም ያው ነው። ከታይም አውት በኋላ ምን እንደሚደረግ፣ ትንንሾቹ ልጆች ስንት ደቂቃ እንደሚገቡ፣ ቡድኑ ለምን በሦስተኛው ኳርተር እንደሚወድቅ ሊጠየቁ ይገባል፤ ከጨዋታው ማግስት፣ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ሁለት ሦስት ሆነው፣ በአክብሮት። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች ካሉ አንዱ ደብተር ይዞ የተነጠቁ ኳሶችንና ሪባውንዶችን (ሳይገቡ ተመልሰው የተያዙ ኳሶችን) ቢመዘግብላቸው፣ ሌላው የተቀያሪዎቹን ልምምድ ቢይዝላቸው፣ ጋሼ በአንድ ሴሚስተር የሚቀይሩት ነገር አሰልጣኝ በመቀየር ከሚገኘው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ረዳት ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ ሰው በመጀመሪያ ራሳቸውን ያነጋግር፤ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ግን ይዞ ይምጣ።